ዳንቴል የለበሰው የጀርመን ምድጃ

እናንተ ዛሬ የትናንቱን ወጥ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትታችሁ፣ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ፣ እስኪጮህ ድረስ ስልካችሁን የምትነካኩ ሰዎች ናችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ያ ዕቃ በጮኸ ቁጥር እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ። ምክንያቱን ለልጆቼም በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው። ከሳቃችሁብኝም ሳቁ፣ ይገባኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ነው። እኔ ያኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ያደግኩት ናዝሬት ነው። ምድቤ ጎጃም ሲሆን አልቅሼ መጣሁ፤ በስድስት ወሬ እንባዬን ጠርጌ አበጀን አገባሁ። አበጀ የመሸንቲ ልጅ፣ የፋብሪካ መካኒክ፣ አሥር ቃል ከተናገረ የሚደክመው ሰው ነው። የእሱን ጉድለት እኔ እሞላ ነበር። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ማለቴ፣ «አላውቅም» ብዬ የማውቀው ነገር አልነበረም። በእኔ ብቻ አትፍረዱ። በዚያ ዘመን በየውይይት ክበቡ የማይገባንን ነገር እያዳመጥን፣ እንደገባን ራሳችንን እየነቀነቅን የምንውል ሰዎች ነበርን። እኔ ከነቅናቂዎቹ ሁሉ የተመሰገንኩ ነበርኩ።

ምድጃው ቤታችን የገባው በአበጀ በኩል ነው። ፋብሪካው አዲስ ማሽን ሊተክል አንድ ጀርመናዊ ኢንጂነር መጥቶ ከአበጀ ጋር ወራት ሠራ። ተከላው አልቆ ሲሄድ ዕቃውን ተሸክሞ ከመመለስ ብሎ ይሁን ወዶት፣ ምድጃውን ለአበጀ ሰጠው። ሦስት ዓይነት ሙቀት ያለው ምድጃ ነበር። አንዱ ዛሬ የምታውቁት የማይክሮዌቩ ነው፤ ምግቡን በማይታይ ሞገድ ያሞቃል። ሁለተኛው እንደ ዳቦ መጋገሪያ ትኩስ አየር ያዞራል። ሦስተኛው ከላይ ያለ ሽቦ ነው፤ ቀልቶ ይጠብሳል። ሲፈለግ ደግሞ ተቀላቅለው ይሠራሉ። ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ ያስረዳው በአንድ ከሰዓት፣ ግማሹን በእጁ ነው። አበጀ የያዘው «የግራው ማዞሪያ ሰዓቱ፣ የቀኙ የሙቀቱ ዓይነት» የሚለውን ብቻ ነበር። ለቀረው ኢንጂነሩ መጽሐፉን እያሳየ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀው።

መጽሐፉ በጀርመንኛ ነበር። እኔ ጀርመንኛ አላውቅም። ግን አነበብኩት። ጎረቤቶች ምድጃውን ሊያዩ ሲመጡ መጽሐፉን ገልጬ፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ «ዕቃውን በንጽሕና ያዙ፣ ልጆች እንዳይነኩት ይላል» እላቸዋለሁ። በዓለም ላይ ይህን የማይል የዕቃ መጽሐፍ የለም። እነሱም እንደ ወንጌል ሰምተው ይሄዳሉ።

ሥዕሎቹን ግን እውነቴን ነው የማነባቸው። በአንዱ ገጽ ላይ ቀጭን ሞገድ ተስሏል፤ ከሥሩ የብረት ሳህን አለ፤ በሳህኑ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። በቀን ስልሳ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ የማደርግ ሰው ነኝ፤ ይህን ለመረዳት ጀርመንኛ አያስፈልገኝም። በሌላ ገጽ ደግሞ ከምድጃው ጀርባና ራስ ላይ ብዙ ቀስቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ። እሱን ለማሳመር ነው ብዬ አለፍኩት።

ስለ ማሳመር ካነሳን፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ጠረጴዛው ለብሷል፤ የሶፋው ክንድ ለብሷል። ምድጃው ሲመጣ ሦስት ሳምንት ሠርቼ ሁለት ጣዎስ ያለበት፣ በጎንና በጎኑ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ዳንቴል አለበስኩት። አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ አቆምኩ። ከፊት በኩል ብቻ ገልጬ አንዳንዴ አንድ ብርጭቆ ሻይ አሞቅበት ነበር። ከዚያ በላይ አልሠራንበትም፤ ለመታየት በቅቶናል።

ታዲያ የሰፈራ ዘመቻው መጣ። ከፋብሪካው አንድ መካኒክ ወደ መተከል ሰፈራ ጣቢያ ሄዶ ትራክተርና ወፍጮ እንዲጠግን ታዘዘ። «ላልተወሰነ ጊዜ» ይላል ደብዳቤው። መተከል ማለት ያኔ ወባ ማለት ነበር። ለመሄድ የሚታሰቡት ሁለት ናቸው፤ አበጀና የሥራ ባልደረባው ይማም። እኔ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። የይማም ሚስት ዘይነባ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ግቢያቸው ከግቢያችን በአንድ አጥር ይለያል። የሚወስነው የፋብሪካው የፓርቲ ኃላፊ ጓድ አዳነ ነበር። ጓድ አዳነ ምሥራቅ ጀርመን ስድስት ወር የፖለቲካ ትምህርት ተምሮ ስለመጣ ንግግሩ ሁሉ የሚጀምረው «ጀርመን ሳለን» ብሎ ነው።

«ምሳ እንጥራው» አልኩት አበጀን።

«ምን ብለን?»

«ጀርመን ሳለን ብለን። ምድጃውን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል።»

«ይማምስ?» አለ።

«ይማምም ይጥራዋ። ማን ከለከለው?»

አበጀ አሥር ቃሉን ጨርሶ ነበር።

ቅዳሜ አማቴ እማማ ጥሩዬ ከመሸንቲ ሁለት ዶሮና ቅቤ ይዘው መጡ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ዓይናቸው የሚያልፈው ነገር የለም። ዶሮውን በሸክላ ድስት እየሠሩ ሳሎን ብቅ ብለው ምድጃውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ምድጃ በየት ነው እሚተነፍሰው?»

«ይኼ የኤሌክትሪክ ነው እማማ፣ አይተነፍስም።»

«ምድጃ ሁኖ? እኔ እማይተነፍስ ምድጃ አላየሁም። መጽሐፉስ ምን ይላል?»

«በንጽሕና ያዙ ይላል።»

«ስለ ትንፋሹ ዝም አለ?» ብለው ዳንቴሉን በሁለት ጣት አንስተው፣ አሽተው፣ መልሰው ለቀቁት። ለባሌ በኋላ ምን እንዳልኩት ላሳፍራችሁ፤ «እናትህ ምድጃው ሕመምተኛ ሰው መሰላቸው» ብዬ ሳቅኩ።

እሑድ በስድስት ሰዓት ጓድ አዳነ መጣ። ካኪ ሱሪና ኮት፣ በኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ። እማማ ጥሩዬ ብድግ ብለው «እንደምን ዋሉ ጌታው» አሉት።

«ጌታ ድሮ ቀረ እማማ። ጓድ ይበሉኝ።»

«እሺ ጌታው» አሉ።

ገና ሳይቀመጥ ምድጃውን አየ። እኔ እንደ ሙሽራ ሚዜ ዳንቴሉን ከፊቱ ገለጥኩለት።

«ጀርመን ሳለን» አለ ጓድ አዳነ፣ «በዚህ ዓይነት ነበር የምንበላው።» ጀርመን ሳለ የበላው በሰልፍ ካፌቴሪያ ውስጥ መሆኑን አገር ያውቃል። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። የዶሮ ወጡ ከነሸክላ ድስቱ ገብቶ በፊቱ ይሞቃል፤ ትንሽ ተአምር አይቶ፣ ጠግቦ፣ የአበጀን ስም ይረሳል። ድስቱን ሳመጣ ግን ጓድ አዳነ መጽሐፉን አንስቶ ያገላብጥ ነበር። መነጽሩን አደረገ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እኔ በስድስት ወር ውስጥ ከዚያ ገጽ አንድ ቃል ያልገባኝ ሰው፣ የእሱም ዓይን መስመሩ ላይ ሳይሆን ሥዕሉ ላይ መሆኑን በአንድ አፍታ አወቅኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ሳያነብ የሚያነብ ልጅ ከሩቅ ይታወቀኛል።

«ሸክላውን ተዪው ጓዲት አስናቀች» አለኝ። «ይኸው መጽሐፉ በግልጽ ያዛል። ብረት ነው።» ገጹን ወደኛ አዞረ። እውነትም ዓሣ የተኛበት የብረት ትሪ ተስሏል። ግን ከትሪው በላይ ያለው ቀዩ ሽቦ ነበር፤ የመጥበሻው ገጽ ነው። ሽቦው ወይም ትኩስ አየሩ ብቻውን ሲሠራ ብረት ይገባል። ኤክስ ያለበት የሞገዱ ገጽ ሁለት ቅጠል አለፍ ብሎ ነው። የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።

አበጀ አየኝ። እማማ ጥሩዬ አዩኝ። መጽሐፉን አንብባለሁ ያልኩ እኔ ነኛ።

«ልክ ብለዋል ጓድ» አልኩ።

የዶሮ ወጡን ከነእንቁላሎቹ ባለ ቀይ አበባው የቻይና ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ያን ሳህን ታስታውሳላችሁ፤ ላዩ ተቀብቶ ሸክላ ይመስላል፣ ውስጡ ጥርት ያለ ብረት ነው። ጓድ አዳነ ማዞሪያውንም ለኛ አልተወልንም። በቀኙ ላይ ሞገዱም፣ አየሩም፣ ሽቦውም አብረው የተሳሉበትን ቦታ አገኘ።

«ሁሉም ኃይሎች በጋራ ይዝመቱ» አለና አዞረው። የግራውን ሰዓት እስከ መጨረሻው ወሰደው።

ምድጃው አጉረመረመ። መብራቱ በራ። ወዲያው በመስኮቱ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ ጠ፣ ጠ፣ ጠ ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አበጀ።

«ሥራ መጀመሩ ነው» አለ ጓድ አዳነ።

«ሥራ መጀመሩ ነው» አልኩ እኔም።

ብልጭታው ሳህኑን ዙሪያውን ይሄድበት ጀመር። ከአናቱ የፕላስቲክ አበባው አንገቱን ደፋ። የዳንቴሉ ሽታ መጣ፤ ጣዎሶቹ ከጭራቸው ጀምረው ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኑ። አበጀ ሊነሳ ሲል ጓድ አዳነ በእጁ ከለከለው። በዚህ መካከል አንዱ እንቁላል ፈነዳ።

እንቁላል በሞገድ ውስጥ ሲፈነዳ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አትሞክሩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ጓድ አዳነ ከሶፋው ጀርባ ነበር። እንዴት እንደ ሄደ ማንም አላየውም። ሁለተኛው እንቁላል ሲፈነዳ ከሶፋው ጀርባ «ክበቡት!» የሚል ድምፅ ወጣ። ማንን እንደምንከብ አልነገረንም።

እኔ በሩን ልከፍት ሮጥኩ።

«እንዳትከፍቺው!» አሉ እማማ ጥሩዬ። «እሳት ሲዘጋበት ይሞታል። አንተ አበጀ፣ ገመዱን ንቀለው። ያን ልብሱንም አውልቁለት፣ ታፍኗል አልሁ እኮ።»

አበጀ ገመዱን ነቀለ። እኔ የሦስት ሳምንት ሥራዬን በመጥረጊያ እንጨት ጎትቼ ጣልኩት። ምድጃው ጸጥ አለ። በመስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል ቀይ ወጥ በቀስታ ይወርዳል።

ጓድ አዳነ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። ከእስክሪብቶዎቹ አንዱ የለም። ፊቱ እንደ አመድ ነበር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ደም ሲመለስበት የፈራሁት መጣ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። «የፓርቲ ኃላፊን ቤት ጠርቶ...»

ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። መተከል ድሮ ቀረ፤ አሁን የማስበው እስር ቤት ነበር።

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ «ጌታው» አሉ፣ «መጽሐፉን ያነበቡት እርስዎ አይደሉ? እኛማ መሃይም ነነ። ብረት ይላል አሉነ፣ ብረት አመጣነ። ለሸንጎም ቢሆን እኔ ይኸንኑ ነው እምናገር።»

ጓድ አዳነ መጽሐፉን አነሳ፤ ሽፋኑን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ይህ የምዕራብ ጀርመን ነው። እኔ የተማርኩት የምሥራቁን ነው።»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

አበጀ እስከ በር ሸኘው። ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለውን እኔም ሰማሁ። «ነገሩ ከዚህ ቤት አይውጣ። ያኔ አንተም አትወጣም።»

ሰኞ ጠዋት የይማም ስም ወጣ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መኪናው ይነሳል ተባለ።

ያን ቀን ከሰዓት ዘይነባ በአጥሩ በር መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ግን አላለቀሰችብኝም። «አስኑ» አለችኝ፣ «እሑድ ጓድ አዳነን ጋብዛችሁት ነበር አሉ። የአበጀ ስም ቀረ። ደግ ነው፣ እንኳን ቀረ። ያን ምድጃ ለነገ አውሽኝ። ዓሣ እሠራለሁ፤ ዓሣ አራጅ የለበትም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል። እኔም ልጋብዘውና ልሞክር።»

መንገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሰውየው ይህን ዕቃ ሲያይ ነፍሱ ይወጣል፣ በከሰል ሥሪለት። አፌ ላይ መጣ። «ከዚህ ቤት አይውጣ» የሚለውም አብሮ መጣ። ይማም ከቀረ የሚሄደው ማን እንደሆነ አውቃለሁና ዋጥኩት።

በምትኩ ምን እንዳደረግኩ ስሙ። አስተማርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስተምሬ አላውቅም። መጽሐፉን ዘርግተን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየን፤ ላልገባኝ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይቺን አላውቃትም» እያልኩ። ምድጃውን ከውስጥ አጠብነው። ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው፤ አናቱ ላይ አንዲት ክር እንዳታስቀምጥ ነገርኳት። ባዶ ሸክላ ሳህን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር አስገብተን አንድ ደቂቃ በሞገዱ ሞከርን፤ ውሃው ሞቀ፣ ሳህኑ ግን እንደ ቀዘቀዘ ቀረ፤ እሱ ይሆናል። ሳህኑ ራሱ ቢግል ኖሮ እንጥለው ነበር። ብረት ከሞገድ ጋር በጭራሽ፤ ሞገዱ ያለበት ቅልቅልም ያው ነው። እንቁላል በጭራሽ። ዓሣውን መጀመሪያ ከደን አድርገሽ በሞገድ፣ መሐል ላይ አገላብጪው፣ ከዚያ ላዩን በሽቦው፤ ስታወጪው ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፣ ሙቀቱ ውስጡ ይዳረሳል። ሁሉን ነገርኳት። አንዱን ብቻ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት በአጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። የዓሣው ሽታ እኛ ግቢ ድረስ መጣ፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ያለበት፣ ላዩ ወርቅ የመሰለ ትልቅ የጣና ቆሮሶ፣ እንደዚያ ያለ ዓሣ ከዚያ ምድጃ ዳግመኛ አልወጣም። ጓድ አዳነ ይማም ከፊት ከፊት እየመራው መጣ። በረንዳው ላይ ጫማውን ጠረገ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። ምድጃው ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ዓሣውን እያሳየ ተቀምጧል።

«ስብሰባ አለብኝ ለካ» አለ። የጠረገውን ጫማ ይዞ ከበረንዳው ተመለሰ።

ሐሙስ ይማም ሄደ። አበጀ መኪናው ድረስ ሻንጣውን ተሸከመለት፤ ሲመለስ ለሁለት ቀን አላነጋገረኝም፤ ከእሱ ዝምታ እንኳ የሚለይ ዝምታ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ተለወጥኩ ማለት ወጉ ነው፤ እውነትም ተለውጫለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ተማሪዎቼ ፊት እንኳ እላለሁ፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ለመዱት። ግን ይህን ስነግራችሁ ያለማወቄን ኃጢአት ብቻ የነገርኳችሁ እንዳይመስላችሁ። አለማወቅ ዳንቴል ያቃጥላል፤ ዳንቴል ደግሞ ይሠራል። ሁለት ጊዜ ዝም ያልኩት የማውቀውን ነው። በጓድ አዳነ ስንት ዓመት ሳቅንበት። እሱ ያላየውን ገጽ እኔ አይቼ ነበር።

ይማም ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ተመለሰ። ወባው ቢጫ አድርጎታል፤ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። አንድ ከሰዓት እኛ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ልጄ እግሩ ሥር እየተጫወተች፣ ሁሉንም ነገርኩት። የሶፋውን ጀርባ ስነግረው ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዘይነባ ምድጃውን ልትዋስ ወደመጣችበት ሰኞ ደረስኩ፤ «በከሰል ሥሪለት» የሚለው አፌ ላይ መጥቶ መዋጤንም ነገርኩት።

ሳቁን አቆመ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ከሰልማ ነበረን» አለኝ።